የዓርቡ ዲስክ

ሰኞ፣ ጥር 5

ዛሬም እንደ ሁልጊዜው። የፌሮ ብረት ፋብሪካውን ቢሮ ጠረግኩ፣ ሽንት ቤት አጠብኩ፣ የወይዘሮ እየሩሳሌምን ጠረጴዛ ወለወልኩ። ከዛ ሰርቨር ክፍል ስገባ የኮምፒውተር ባለሙያው ዘአማኑኤል "ባልዲውን እዛው በር ላይ ተይው" አለኝ። ሁሌም እንደዛ ነው የሚለኝ፣ ውሃ ሲያይ ይደነግጣል። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ይበርዳል፣ ቁም ሳጥን የሚያክል ብረት ቆሟል፣ ውስጡ መብራቶች ብልጭ ብልጭ ይላሉ፣ ቀን ከሌት ያጉረመርማል። እኔ እሱን ክፍል ትንፋሼን ይዤ ጠርጌ ነው የምወጣው... ያስፈራኛል።

ዛሬ ግን "ቆይ፣ አትውጪ" አለኝ። ሊለቅ ነው። ሳሪስ አንድ ባንክ ውስጥ ስራ አግኝቷል። ወይዘሮ እየሩሳሌም፣ ሥራ አስኪያጇ፣ በሱ ቦታ ሰው አንቀጥርም ብለዋል። የየቀኑን ነገር ለጽዳቷ ልጅ አሳያት፣ የከበደ ነገር ሲመጣ እንደውልልሃለን አሉት አሉ። ለጽዳቷ ልጅ። እኔ ማለት ነው።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። የእንግሊዝኛ ፊደሉን አውቃለሁ እንጂ ቃሉን አላነበውም። ነገርኩት። "ቃሉን ባታውቂም ቅርጹን ያዢ፣ የት ቦታ እንዳለ ያዢ" አለኝ። ማታ ለአክስቴ ስነግራት እልል ልትል ምንም አልቀራት፣ "አቻምየለሽ የኮምፒውተር ሰራተኛ" እያለች ለጎረቤት ልትነግር ወጣች። እኔ ግን ፈራሁ። ካበላሸሁትስ? ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ለኔ ይሰጣል? ቃሊቲ እስር ቤት እንደሆነ ቅርብ ነው...

ረቡዕ፣ ጥር 7

የተማርኩት። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ መብራቶቹን ማየት። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው። ብርቱካናማ ከሆነ ለዘአማኑኤል መደወል። ቀጥሎ ኤሲው ጋ እጅን ዘርግቶ መቀዝቀዙን ማየት። ሰርቨሩ ሙቀት አይችልም። ቀጥሎ ከታች ያለው ከባዱ ባትሪ፣ ዩፒኤስ ነው የሚሉት፣ መብራት ሲጠፋ ይጮሃል። ጄኔሬተር ካልተነሳ፣ ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሩን በስርዓት ማጥፋት አለብኝ። ዝም ብሎ ድርግም ካለ ውስጡ ያለው ነገር ይበላሻል።

ስክሪኑ ላይ የማጥፊያውን መንገድ ደጋግሞ አሳየኝ። አሁንም ድገሚው፣ አሁንም። ቀስቷ ከቦታዋ ታልፋለች። አይቶ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መስኮቱ በፕላስቲክ ተለጥፏል ግን ሲኖ መኪኖቹ ሲያልፉ አቧራው ይገባል። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ነው የሚጠርጉት፣ በጨርቅ አይነካም። ቀኑን ሙሉ ሳልፈራ የሰራሁት እሱን ብቻ ነው። አቧራ ነዋ። አቧራ አውቃለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 9

ባክአፕ። ሰርቨሩ ውስጥ ያለው ሁሉ በትንሽ ዲስክ ላይ ይገለበጣል። ስንት ፌሮ ተመረተ፣ የትኛው መኪና ምን ጭኖ ወጣ፣ ማን ከየትኛው ኮምፒውተር ገባ... ሁሉም። ዲስኩ ሁለት ነው። አንዱ የየቀኑ፣ እዛው እንደተሰካ ይኖራል፣ ማታ ማታ የትናንቱን አጥፍቶ የዛሬውን ይጽፋል። ሌላው የዓርቡ ነው። ዓርብ ጠዋት ከቤት አምጥቼ እሰካዋለሁ፣ ያለፈውን ሳምንት ያጠፋና አዲሱን ይይዛል፣ ወደ ቤት ስሄድ ነቅዬ ይዤው እሄዳለሁ።

"ለምን ቤቴ?" አልኩት።

"ፋብሪካው ቢቃጠልስ?"

"ቤቴ ቢቃጠልስ?"

ሳቀ። ሁለቱ ባንድ ቀን አይቃጠሉም፣ የቤትሽን እሳት አክስትሽ ታጥፋው አለ።

የሲጋራ ፓኮ ነው የሚያክለው። በሻርፕ ጠቅልዬ ታክሲ ውስጥ ቦርሳዬን እንደ ህጻን ታቅፌው ሄድኩ። ረዳቱ "እህቴ፣ ወርቅ ነው እንዴ?" አለኝ፣ ሰዉ ሳቀ። አልጋዬ ስር ጫማ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። ተነስቼ ደጋግሜ አየሁት። ማን ይወስደዋል? ማንም። ግን አየሁት።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ዛሬ የሰዎች ስም። እያንዳንዱ ሰራተኛ በስሙ የሚገባበት አካውንት አለው። አዲስ ሰው ሲቀጠር መክፈት፣ ፓስወርድ ሲረሳ ማደስ፣ ሲለቅ መዝጋት። እዚህ ላይ ዘአማኑኤል ጣቱን አንስቶ ነው የነገረኝ። "ሰው ሲለቅም፣ ሲባረርም፣ ሲሞትም፣ በዛው ቀን ትዘጊዋለሽ። ያልተዘጋ አካውንት ቁልፉ በሩ ላይ የቀረ ቤት ነው።"

ፓስወርድ የረሱት ጋሽ አሻግሬ ነበሩ። የመጋዘን ጸሐፊ ናቸው፣ መኪና ጭኖ እንዲወጣ የመውጫ ወረቀቱን የሚያትሙት እሳቸው ናቸው። ያለዛ ወረቀት ዘበኛው በር አይከፍትም። ዓይናቸው ደከም ስላለ ፓስወርዱን ጮክ ብለው ለሰው ይናገሩና ሰው ይጽፍላቸዋል። የልጃቸው ስም፣ ከዛ አንድ ሁለት ሶስት። "ቀይሩት" ስላቸው "የልጄን ስም ምን ብዬ ልቀይር?" አሉኝ። አጠገባቸው የሚሰራው ከሊል፣ እቃ የሚያስረክበው ልጅ፣ "ጋሼ፣ መጋዘን ያለችው ድመትም እኮ አውቃዋለች" አላቸው። እሳቸውም ድመቷ እንደሱ ሰነፍ እንዳልሆነች፣ ብታትምላቸው ደስ እንደሚላቸው ነገሩት። ሳቅን። ፋብሪካ ውስጥ ከሰው ጋር ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው?

ሰኞ፣ ጥር 19

ዘአማኑኤል ሄደ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እምቢ አለ። ዩፒኤሱ ጮኸ፣ ያ የማጥፊያው ምልክት የት ነበር፣ ታች ጥግ ነበር፣ ክብ ሆኖ ጭረት ያለበት... ክፍሉ ጨለማ ነው፣ የፊደሎቹ ቁልፍ አይታየኝም። ከሊል ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ምንም አያውቅም፣ ዝም ብሎ የስልኩን መብራት ያዘልኝ። "አይዞሽ አቻሜ፣ አይነክስም" አለኝ። ተጫንኩት። ማጉረምረሙ ቀስ እያለ... ጸጥ አለ። በስርዓት። እዛው መሬት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከሊል ወደ ግድግዳው ዞሮ እንዳላየ ሆነ፣ ለማንም አልተናገረም።

ረቡዕ፣ ጥር 28

ጋሽ አሻግሬ ሞቱ። ስራ ላይ ነበሩ፣ ደረቴን አሉ። ከሊል ተሸክሟቸው ሮጠ። ሀኪም ቤት ሳይደርሱ ባጃጅ ውስጥ አረፉ አለ። ተመልሶ ሲመጣ ጫማቸውን በእጁ ይዞ ነበር።

መጻፍ አልቻልኩም።

ዓርብ፣ ጥር 30

ትናንት ቀብር ዋልን። ዛሬ ስራ። ሰርቨሩ ላይ ስማቸውን አወጣሁት። በዛው ቀን ነበር የተባልኩት፣ አልፏል። መዝጊያውን ልጫን ስል እጄ እምቢ አለ። አፈሩ እኮ ገና አልደረቀም። የኔ ጣት ነች ስማቸውን የምታጠፋው?

አብርሽ ገባ። የጭነት ኃላፊው ነው፣ የፋብሪካው ባለቤት የወንድም ልጅ፣ ከወይዘሮ እየሩሳሌም ጋር ያጎት ልጆች ናቸው። ሰው ሁሉ ጨዋታ አዋቂ ነው ይለዋል። ስክሪኑን አየና ምን እያረግሽ ነው አለኝ። ነገርኩት። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ፣

"አርባቸው ሳይወጣ?" አለኝ።

አፈርኩ። ፊቴ ጋለ። ባለቤታቸው ብትሰማ ምን ትላለች አለ፣ ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚቸኩለው አለ፣ አርባቸው ይውጣ፣ ያኔ ትዘጊዋለሽ፣ እስከዛ ማን ይነካዋል አለ። እውነቱን ነው። አክስቴ ባሏ ሲሞት አርባው እስኪወጣ ኮቱን ከምስማሩ አላወረደችም። ሰው ሊወስድላት ሲል አልቅሳ ነው የመለሰችው። ኮት እንኳን...

ተውኩት። ቀለል አለኝ። ዲስኩን ነቅዬ ወደ ቤት።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

አረንጓዴ። ቀዝቃዛ። ዲስኩ ደህና። የሂሳብ ክፍሏ ልጅ ፓስወርድ ረስታ መጣች፣ አደስኩላት፣ "እናመሰግናለን" አለችኝ፣ በአክብሮት ነው ያለችኝ መሰለኝ። ዛሬ አልፈራሁም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ከሊልን ፖሊስ ወሰደው።

ቆጠራ ሲደረግ ፌሮ ጎደለ። ሁለት ሲኖ ሙሉ። መውጫ ወረቀት አለ፣ ዘበኛው ወረቀት መኖሩን ብቻ አይቶ ነው ያሳለፈው፣ ግን ገዢ የሚባል የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ደሞ... አሻግሬ። ከሞቱ በኋላ። ሰዉ አማተበ። ወይዘሮ እየሩሳሌም "ሙት ወረቀት አያትምም" አሉ፣ ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው ነው አሉ። አብርሽ ቀስ ብሎ አጠገባቸው ይሰራ የነበረው ማን ነው አለ። እንደሚያዝን ሰው ነው የተናገረው።

ከሊል ሲወስዱት አልጮኸም። "እኔ ነኝ እኮ የተሸከምኳቸው" ብቻ አለ። ሁለት ጊዜ አለው። ማንም አልመለሰለትም። እኔም።

ብዘጋው ኖሮ። ያን ቀን ብዘጋው ኖሮ ይሄ ሁሉ...

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ስክሪኑ ላይ አንድ መስኮት አለ፣ ማን መቼ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደገባ የሚያሳይ። ዘአማኑኤል አንዴ አሳይቶኝ ነበር፣ ብዙ አያስፈልግሽም ብሎ። ዛሬ ሰው ምሳ ሲወጣ ከፈትኩት። ቃሉን አላነበውም፣ ስም ግን አነባለሁ፣ የኮምፒውተሮቹንም ቁጥር አውቃለሁ፣ እየወለወልኩ ቁጥሩን ማየት ለምጃለሁ። ጋሽ አሻግሬ በሕይወት እያሉ የገቡት ሁሌ ከመጋዘኑ ኮምፒውተር ነው። ከሞቱ በኋላ የገባው ግን ከመጋዘን አይደለም። ከጭነት ቢሮ ነው። ከአብርሽ።

የሱን ክፍል እኔ እንኳን እሱ ሳይኖር አልጠርገውም። ቁልፉን ለማንም አይሰጥም።

አርባቸው ሳይወጣ... ለዛ ነው? ለዛ ነው እንዴ ያለኝ?

ከኋላዬ ሰው የቆመ መሰለኝ። ማንም የለም። ዘጋሁት። ለማን ልናገር? ለወይዘሮ እየሩሳሌም? ያጎታቸው ልጅ እኮ ነው። እና መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አካውንቱን ለምን አልዘጋሽም ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 21

የዓርቡን ዲስክ ሰካሁ፣ ነቀልኩ፣ ይዤ መጣሁ። ሌላ ምንም አልሰራሁም። ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኞ፣ የካቲት 24

አብርሽ መጣ። በሩን ከኋላው ዘጋው። እሱ እኮ አይጮህም... ቢጮህ ሰው ይመጣ ነበር።

እየሩስ ከውጭ ባለሙያ ልታስመጣ ነው አለኝ። ያ የገባ የወጣው የሚታይበትን አውጪው አለ። አወጣሁት። እስቲ አስቢ አለኝ፣ ባለሙያው መጥቶ ሲያይ መጀመሪያ የሚያገኘው ማንን ነው? አካውንቱን ክፍት የተወችውን ነው። ሌባ ብቻውን አይገባም፣ በር የከፈተለት አለ፣ ፖሊስ እንደዛ ነው የሚያስበው አለ።

"አንተ እኮ ነህ አርባቸው ያልከኝ" አልኩት።

"ማን ሰምቷል?" አለኝ።

ከዛ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አርጎ ይሄን፣ ይሄንንም፣ እስከዚህ ድረስ አለኝ... አጠፋሁ። በኔ ጣት። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ወደ ላይ ይወጣል፣ እሱንም አጠፋሁ። በመጨረሻ የጋሽ አሻግሬንም አካውንት ዝጊው አለኝ። አርባቸው ገና አልወጣም። ዘጋሁት። ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አረገኝ፣ "ጎበዝ ልጅ ነሽ፣ ቋሚ እንድትሆኚ እነግርልሻለሁ" አለኝ።

የየቀኑ ዲስክም ዛሬ ማታ በላዩ ይጽፍበታል። በቃ የለም። ከሊልን የሚያወጣው ነገር የለም። እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ። ምን ልታጠብ ነው?

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ታክሲ ውስጥ ነው ትዝ ያለኝ። ወራጅ ብዬ ወርጄ መንገድ ዳር ቆምኩ።

የዓርቡ ዲስክ! አልጋዬ ስር ያለው። ዓርብ ነው የነቀልኩት። ሰኞ ያጠፋሁትን እሱ አያውቅም። እዛ ውስጥ ሁሉም እንዳለ ነው።

ግን ዓርብ ሲመጣ እሰካዋለሁ። ስራዬ ነው። ስሰካው የድሮውን ያጠፋል። ምንም ክፉ ነገር መስራት የለብኝም፣ መዋሸት የለብኝም፣ ማንንም መክሰስ የለብኝም። ሁሌ የምሰራውን ብቻ ብሰራ ከሊል አበቃለት። በስራዬ ጎበዝ ብሆን አበቃለት።

አልጋው ላይ መተኛት አቃተኝ፣ ወርጄ መሬት ተኛሁ። አክስቴ ምን ሆንሽ አለች። ቁንጫ አልኳት።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ለዘአማኑኤል ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ትንፋሽ እያጠረኝ፣ ከመሃል ጀምሬ ወደ ኋላ... እሱ አሁን ባንክ እንደሚሰራ፣ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ስሙ እንዲነሳ እንደማይፈልግ፣ ልጅ እንዳለው ነገረኝ። እሺ አልኩት። ልዘጋ ስል "ዓርብ አትስኪው" አለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምጽ። ዘጋው። ሌላ አልነገረኝም። አትስኪው፣ ከዛስ? ይዤው ምን ልሁን?

ከሰዓት ባልዲ ልደፋ ስወጣ በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። የከሊል እህት ናት፣ አዚዛ፣ አቃቂ ገበያው ጋ ሱቅ አላት። ረመዳን ገብቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ለዋስትና የስራ ማስረጃ ጻፉልኝ ልትል ነው የመጣችው፣ ወይዘሮ እየሩሳሌም አላስገቧትም። ማፍጠሪያ ጣቢያ ልታደርስለት ነው፣ ሳህኑን በፌስታል ይዛለች። እኔን ስታይ "እህቴ፣ ከሊልን ታውቂዋለሽ?" አለችኝ።

አላውቀውም አልኳት።

እንዴት ከአፌ ወጣ? አላውቀውም አልኩ። ጨለማ ውስጥ መብራት የያዘልኝን ልጅ።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ብናገር እታሰራለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አብርሽ ጣቱን ነው የጠቆመው፣ የተጫነችው የኔ ጣት ናት። አክስቴ ከኔ ሌላ ማን አላት? ዝም ብል ከሊል ይታሰራል። እሱም ከአዚዛ ሌላ የለውም። ደሞስ ማን ያምነኛል፣ ስምንተኛ ክፍል፣ የጽዳት ሰራተኛ፣ እሱ የባለቤቱ ዘመድ...

ጾም ነው፣ ለቅዳሴ ሄጄ ነበር። ከደጀ ሰላሙ ተመለስኩ። ምን ብዬ እንደምለምን አላወቅኩም። ዓርብ እንዳይመጣ?

ዓርብ፣ የካቲት 28

ጠዋት አብርሽ ሰርቨር ክፍል ቆሞ ጠበቀኝ። የዓርብ ዲስክ አለ አይደል አለኝ። ማን እንደነገረው እንጃ። ረስቼው መጣሁ አልኩት። ፊቱ ምንም አልተለወጠም። በፋብሪካው ባጃጅ ሂጂና አሁን አምጪው፣ እኔው እሰካዋለሁ አለኝ።

ባጃጁ በር ላይ ነው። ሞተሩን አላጠፋም። ዲስኩ ጉልበቴ ላይ ነው፣ ቆሜ መጻፍ ስላቃተኝ አልጋው ላይ ተቀምጫለሁ። አክስቴ የለችም። ሹፌሩ ክላክስ አረገ። ምን ላርግ? እመቤቴ ምን ላርግ? ቀላል ነው፣ መስጠት ብቻ ነው፣ ማን ያየኛል... እንደገና ክላክስ አረገ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ከዓርብ ወዲህ አልጻፍኩም። ጣቢያ ነበርኩ።

ባጃጁ ዋናው መንገድ ላይ ሲደርስ በግራ ፋብሪካ ነው፣ በቀኝ ገበያ። ሹፌሩ ወደ ግራ መብራት አብርቶ ሲኖ እስኪያልፍ ቆመ። "በቀኝ" አልኩት። "ጋሽ አብርሽ ቶሎ ብለዋል" አለኝ። "በቀኝ ነው ያልኩህ" ስለው የኔ ድምጽ አልመሰለኝም። ሄደ።

አዚዛ ሱቋ ውስጥ ዘይት እየቀዳች ነበር። አወቀችኝ። በቀደም አላውቀውም ያልሺው አንቺ አይደለሽም እንዴ አለችኝ። ዲስኩን ከሳሙናው አጠገብ አስቀመጥኩላት። ነገርኳት። ቆሜ፣ ሳላቋርጥ፣ አካውንቱን አለመዝጋቴን፣ አርባውን፣ ማጥፋቴን፣ ይሄ ግን እንዳልጠፋ። አልነካችውም፣ እንደ እሳት ታየዋለች።

"ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው አንቺ ጋ ያለው?"

"ካለፈው ዓርብ። አልጋዬ ስር።"

"ወንድሜ ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ አንቺ እዚህ ላይ ተኝተሻል?"

"መሬት ነው የተኛሁት" አልኳት። ምን ዓይነት መልስ ነው?

የምትመታኝ መስሎኝ ነበር። ሱቋን ዘጋች፣ ዲስኩን በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው፣ ክንዴን ያዘችኝ። ብቻዋን ብትወስደው ከየት ሰረቅሽው እንደሚሏት፣ አብረን እንደምንሄድ ነገረችኝ። ክንዴን እስከ ጣቢያ አልለቀቀችውም። ስልኬ እየጮኸ ነበር። አብርሽ። አብርሽ። አብርሽ።

ጣቢያ ያገኘነው የመጀመሪያው ሰው ከድርጅቱ ደብዳቤ አምጡ አለን። አዚዛ መሬት ቁጭ አለች። አልሄድም አለች። በኋላ ሌላ መርማሪ፣ ሸምገል ያለ፣ አስገባን። ምን እንደሆነ እስኪገባው ደጋግሜ ነገርኩት። የአብርሽን ነገር ሲሰማ ይጽፋል። አጠፋሁት ስል እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ማን ነው ያጠፋው?"

"እኔ።"

"ተገድደሽ?"

"ፈርቼ" አልኩት።

ሻርፔንና የጫማ ክሬን ተቀበሉኝ። ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር አደርኩ፣ አንድ ሌሊት ብቻ አይደለም። አንዷ ምን ሰርተሽ ነው አለችኝ፣ ኮምፒውተር ስላት ሳቀች። ፍርድ ቤት ቀረብኩ፣ አክስቴ ዋስ ሆነች። ቤት ስንገባ ውሃ አሞቀችልኝና ጀርባዬን አጠበችኝ፣ እንደ ልጅነቴ። "ምነው ቀድመሽ ለኔ ብትነግሪኝ" አለች። እሱ ነው ያስለቀሰኝ።

እሁድ፣ መጋቢት 7

ዛሬ የጋሽ አሻግሬ አርባ ነው። ሄድኩ ግን አልገባሁም፣ የፋብሪካው ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ነበር። አጥሩ ጋ ቆምኩ። የሂሳብ ክፍሏ ልጅ አየችኝና ፊቷን አዞረች። ከስራ ተባርሬያለሁ፣ ደብዳቤም አልጻፉልኝም፣ ዘበኛው ነው ከበር የመለሰኝ። አብርሽ ድንኳኑ ውስጥ ምግብ ያቀርባል። አንድ ቀን ጠይቀውት ነው የለቀቁት አሉ። ከሊል አሁንም እዛው ነው።

ምንድነው ያተረፍኩት?

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ዘአማኑኤል ደወለ። መርማሪው ዲስኩ ላይ ያለውን የሚያነብ ሰው ሲፈልግ አዚዛ የዘአማኑኤልን ስልክ ቁጥር ከኔ ወስዳ ሰጥታው ነበር። እኔ ተቆጥቶ ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ሄጄ አነበብኩላቸው አለኝ። ስሙንም ጽፎ ፈረመ። ሚስቱ ተቆጥታዋለች። "ሁሉም አለ፣ ቀኑም፣ ኮምፒውተሩም። በደንብ ነው የያዝሽው" አለኝ። ባክአፑን ማለቱ ነው።

ዲስኩን በደንብ ይዤዋለሁ። ከሊልን ነው ያልያዝኩት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

አዚዛ ደወለች። "ከሊል ወጥቷል" ብላ ዘጋችው። ነይ አላለችኝም፣ አትምጪም አላለችኝም። ሄድኩ።

በዋስ ነው የወጣው፣ ከኢድ በኋላ። ክሱ ገና አልተዘጋም። አብርሽን ደሞ ከስራ አግደውታል፣ ጠበቃ ይዟል፣ ሁሉንም ያደረገችው እሷ ናት እያለ ነው፣ እኔን። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ምስክር ትሆኛለሽ ተብያለሁ፣ ተከሳሽም ልትሆኚ ትችያለሽ ተብያለሁ። የቱ እንደሚቀድም የሚያውቅ የለም። ሰፈር ውስጥ የሰው ልብስ አጥባለሁ፣ አክስቴ ናት ደንበኛ የምታመጣልኝ።

ከሊል ሱቁ ውስጥ የስኳር ኬሻ ላይ ተቀምጧል። ጸጉሩን ተላጭቷል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ከድሮው ያጠረ መሰለኝ። እንኳን ለቤትህ አበቃህ አልኩት። በሩ ላይ ቆምኩ።

"ዲስኩን ያመጣሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ሰርቨሩ ላይ የነበረውንም ያጠፋሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ለአዚዛም አላውቀውም ብለሻታል።" ይሄንን አልጠየቀኝም። ነገረኝ።

አዚዛ ሚዛኑን ትወለውላለች፣ የተወለወለውን ደግማ። ወደኛ አታይም።

"ፍርድ ቤት ሶስቱንም ትናገሪያለሽ?"

"እናገራለሁ።"

"አብርሽ ፊት ለፊትሽ ቁጭ ብሎ?"

አዎ ልል ነበር። ግን እሱንም ልዋሸው አልፈለግኩም።

"እየፈራሁ እናገራለሁ" አልኩት።

አንድ ልጅ ክብሪት ሊገዛ መጣ፣ አዚዛ ሸጠችለት፣ ሄደ። ከሊል ቀና ሳይል እግሩ አጠገብ ያለችውን በርጩማ በጫማው ጫፍ ወደኔ ገፋ አረጋት። ተቀመጪ አላለኝም። ስሜንም አልጠራም።

ተቀመጥኩ።